የሪፔር ካፌ ሪቪው፦ ከጥገናው በላይ ለሰዉ ብላችሁ ሂዱ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ሪፔር ካፌን በጣም ነው ምመክረው። የተበላሸ እቃችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሙያው ያለው በጎ ፈቃደኛ አጠገባችሁ ቁጭ ይልና አብራችሁ ትፈቱታላችሁ፣ ከተሰራ ይዛችሁት ትወጣላችሁ፣ ካልተሰራም ቢያንስ ምን እንደነካው አውቃችሁ ነው ምትወጡት። የተቆረጠ ክፍያ የለውም፣ ደስ ያለው ሰው የቻለውን ሳጥን ውስጥ ጣል ያደርጋል። ስለዚህ አገልግሎት ሚጻፉ ሪቪዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ጥገናው ብቻ ናቸው፣ ተሰራልኝ፣ አልተሰራልኝም፣ ወረፋው ረዘመ ምናምን። እኔ በዋናነት ማውራት ምፈልገው ሰውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስለ እቃና ስለ ቆሻሻ ያለውን አመለካከት እንዴት እንደሚነካው ነው፣ ምክንያቱም ለኔ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፣ እንደውም አካባቢን ለመጠበቅ ተብለው ከሚቀርቡልን አፖችና ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሚጎድላቸው ይሄው ነገር ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ። ሀሳቡን ያመጣችው ማርቲን ፖስትማ የምትባል የኔዘርላንድ ጋዜጠኛ ናት፣ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2009 አምስተርዳም ላይ አዘጋጀች (ከዚህ በኋላም ምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ነገሩ እየሰፋ ሲሄድ ፋውንዴሽን ተቋቋመለት፣ አሁን በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ ሪፔር ካፌዎች አሉ። በዚሁ መንፈስ ሚሰሩ ሌሎችም አሉ፣ ለምሳሌ ለንደን የተነሳው ሪስታርት ፕሮጀክት በኤሌክትሮኒክስ ላይ ያተኩራል። ስሙ ካፌ ይበል እንጂ ንግድ ቤት አይደለም፣ ቤተመጻሕፍት ወይም የሰፈር አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ብዙ ጊዜ በወር አንዴ ለተወሰኑ ሰዓታት ነው ሚከፈተው። ኤሌክትሪክ አንድ ጋ፣ ልብስ አንድ ጋ፣ ሳይክል አንድ ጋ፣ የእንጨት እቃ አንድ ጋ። ስትገቡ የሆነ ሰው ተቀብሎ ይመዘግባችኋል፣ እቃው ምን እንደሆነና ምን እንደሆነበት ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ ተራችሁን ትጠብቃላችሁ።

አንድ ህግ አላቸው፣ እሱን በጣም ነው ምወድላቸው። እቃ አስቀምጦ መሄድ የለም። ባለቤቱ ከጠጋኙ አጠገብ ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይይዛል፣ እጁን ያስገባል። መጀመሪያ ስትሰሙት ጊዜ ማባከን ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን ሁሉም ነገር ሚመጣው ከዚህ ህግ ነው።

አንድ የጠረጴዛ መብራት እንይ፣ ሰው በብዛት ይዞት ከሚመጣው ነገር አንዱ ስለሆነ። ባለቤቷ በእድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው እንበል፣ "አምፖሉን ቀይሬ አየሁት፣ እምቢ አለ" ይላሉ። ጠጋኙ ካቻቢቴ አንስቶ ቶሎ መፍታት ውስጥ አይገባም። ከሶኬት የተነቀለ መሆኑን አይቶ ገመዱን ከስፒናው ጀምሮ በሁለት ጣቱ እየዳበሰ ይሄድበታል፣ ከዛ ቴስተሩን፣ ማለት ሽቦው ካልተቆረጠ ሚጮኸውን መሳሪያ፣ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ስፒናው እግር ላይ እንዲያስነኩለት ለሳቸው ይሰጣቸዋል፣ ሌላውን እሱ ራሱ ፖርታላምፓው ውስጥ ያስነካዋል። ዝም። ገመዱን ስፒናው አንገት ጋ ትንሽ ጎበጥ ሲያደርገው ቴስተሩ ይጮሃል፣ ሲለቀው መልሶ ዝም። "ይሄው፣ እዚህ ጋ ነው የተቆረጠው፣ እስቲ እርሶ ይጫኑት" ይላቸዋል፣ እሳቸውም ሲጫኑት ይጮሃል። ላዩ ምንም ያልሆነ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን እዛች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሲታጠፍ ኖሮ ተበጥሷል። ከዛች ቦታ እስከ ስፒናው ያለው ተቆርጦ ይጣላል፣ ሽቦው ይላጣል፣ አዲስ ስፒና ይመጣል፣ ብሎኗን ሚያጠብቁት ራሳቸው ናቸው። አምፖሉ ሲበራ ሰዉ ፊት ላይ ሚታየውን ነገር በቃላት መግለጽ ይከብደኛል፣ ግን ከዛች ቀን በኋላ ያቺ መብራት በቀላሉ ቆሻሻ ውስጥ ምትገባ አይመስለኝም። ሰው በገዛ እጁ የደከመበትን እቃ አብልጦ እንደሚወድ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፣ አይኬያ ኢፌክት ይሉታል፣ የቤት እቃውን ገዢው ራሱ እንዲገጣጥም አድርጎ በሚሸጠው ድርጅት ስም።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ወሬው ሚጀምረው። ልብስ ጠረጴዛ ላይ አንዱ የጃኬቱ ዚፕ ከኋላ እየተከፈተበት ተቸግሮ ይመጣል፣ ጃኬቱ ሌላ እንከን የለውም፣ ግን ሊጥለው አስቦ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ታሳየዋለች፣ ጥርሶቹ ሁሉም ደህና ናቸው፣ የላላው ላይ ታች ሚሄደው ብረት ነው፣ በፒንሳ ከኋላ በኩል አንዱን ጎን ቀስ አድርጎ ጫን፣ ከዛ ሌላኛውን ጎን፣ ብዙ ከተጫነ ይሰበራል፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ መሞከር ነው። ይያዛል። ከሁሉም ደስ ሚለኝ ግን ቀጥሎ ሚሆነው ነው፣ ወረፋ ላይ ያለች ልጅ የቦርሳዋ ዚፕ እንደዛው ሆኖባት ይዛ ተቀምጣለች፣ ባለጃኬቱ ዞር ይልና "ቆይ አሁን ተምሬዋለሁ፣ አሳዪኝ" ይላታል። ገና አሁን የተማረ ሰው አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። ይሄ በማስታወቂያ አይመጣም፣ በብሮሹርም አይመጣም።

ለምን ይሄን ያህል አስፈላጊ ነው ትሉኝ ይሆናል። አካባቢ ይጠበቅ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው አዎ ነው ሚላችሁ፣ ከልቡም ነው፣ እየዋሸ አይደለም። ግን ጥሩ አመለካከት ኖሮት እቃ ሲበላሽ መጀመሪያ ሚያስበው አዲስ መግዛት ነው። አይሴክ አይዘን የተባለው የስነልቦና ተመራማሪ በ1991 ባሳተመው ጽሁፍ ላይ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ሚወስነው በሶስት ነገሮች እንደሆነ አስቀምጦታል፣ አንደኛ ስለ ነገሩ ያለው አመለካከት፣ ሁለተኛ በዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ምን ይሉኛል ምን ይጠብቁብኛል ሚለው፣ ሶስተኛ ደሞ እችለዋለሁ ወይ ሚለው። አብዛኛው የአካባቢ ቅስቀሳ አንደኛው ላይ ብቻ ነው ሚደክመው፣ ማለት ምድር እየሞቀች ነው፣ ባህር በፕላስቲክ ተሞላ፣ እወቁ ንቁ። ሪፔር ካፌ ስለ አንደኛው ብዙም አያወራም፣ ሌሎቹን ሁለቱን ነው ሚሰጣችሁ። ዙሪያችሁን ስታዩ አሮጌ ቫኪዩም ክሊነር ታቅፎ የተቀመጠ ሰው፣ ሬዲዮ የያዘ ሰው፣ የልጁን መጫወቻ የያዘ ሰው ታያላችሁ፣ ስለዚህ ማሰራት ሚያሳፍር ነገር መሆኑ ይቀራል። ብሎኑን ደሞ ራሳችሁ አጥብቃችኋል፣ ስለዚህ መቻላችሁን አይታችኋል።

የሰው ተጽዕኖ ምን ያህል እንደሆነ ሰው ራሱ አያውቀውም፣ ይሄን የማረከኝን ጥናት ላካፍላችሁ። በ2008 የወጣ ነው፣ ተመራማሪዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ 810 ሰዎችን ኤሌክትሪክ ምትቆጥቡት ለምንድነው ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ለአካባቢ ብለን፣ ለማህበረሰቡ ብለን፣ ወጪ ለመቀነስ ብለን አሉ፣ ጎረቤት ስለሚያደርገው ሚለውን መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። ዳታው ሲታይ ግን ከቁጠባቸው ጋር ከሁሉም በላይ ሚገናኘው ጎረቤቶቼ ይቆጥባሉ ብለው ማመናቸው ሆኖ ተገኘ። ከዛ በየቤቱ በር ላይ የተለያየ መልእክት ሰቅለው ሲሞክሩትም አብልጦ የቀነሰው ጎረቤቶቻችሁ እየቆጠቡ ነው ሚለው የተሰቀለበት ቤት ነው፣ ሰዎቹ ግን አሁንም ያ መልእክት ብዙም አልገፋፋንም ነው ያሉት። ማለት ሰው በሰው እየተመራ እንኳን በራሴ ነው ሚመስለው።

ይሄን አውቀው ወደ ቢዝነስ የቀየሩትም አሉ፣ ለማወዳደር እንዲመች እሱንም ላንሳው። ኦፓወር የተባለው ድርጅት ለየቤቱ ሪፖርት ይልክ ነበር፣ እናንተ ይሄን ያህል ተጠቀማችሁ፣ እንደናንተ አይነት ቤት ያላቸው ጎረቤቶች ደሞ ይሄን ያህል። ወደ 600,000 ቤቶች ላይ የተሰራ ትንተና በአማካይ 2% አካባቢ ፍጆታ እንደቀነሰ አሳይቷል። 2% ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ ግን ወረቀት ብቻ ልኮ ያን ያህል ቤት ላይ ሲሆን ቀላል አይደለም፣ እኔ አሪፍ ነው ብዬ ነው ማስበው። ችግሩ ግን ቁጥር ብቻውን ወደ ኋላም ሊጎትት ይችላል። በ2007 በወጣ ጥናት፣ ካሊፎርኒያ ሳን ማርኮስ ውስጥ 290 አካባቢ ቤቶች ላይ በተደረገ ሙከራ አማካዩ ሲነገራቸው ብዙ ይጠቀሙ የነበሩት ቀነሱ፣ ጥቂት ይጠቀሙ የነበሩት ግን ጨመሩ! እኛ ብቻ ነን እንዴ ምንጨነቀው ብለው ይሆናላ። መፍትሄው ምን ነበር መሰላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ፈገግ ያለች ፊት መሳል። ጥቂት ለተጠቀመው ሰው ጎሽ ማለት ብቻ በቂ ሆነ፣ መጨመሩ ቆመ።

አሁን ሪፔር ካፌን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ወረቀት ላይ የተሳለች ፈገግታ ያን ያህል ከሰራች፣ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው መብራቱ ሲበራ አብሮህ ሲደሰት ምን ያህል ይሰራ? ጎረቤት እዛ ግራፍ ላይ አይደለም ያለው፣ ወንበሩን ስቦ ነው ሚያወራህ። ለዚህም ነው የካርቦን መጠንህን ቁጠር ሚሉ አፖችን ሰው ጭኖ ትንሽ ከቆየ በኋላ ሚተዋቸው ብዬ ማምነው፣ ብቻህን ከስልክህ ጋር ትቀራለህ፣ በየቀኑ ጥፋትህን በኪሎ ይነግርሃል፣ ጎሽ ሚልህ የለም፣ እንዴት እንደምታስተካክለው ሚያሳይህም የለም። ጸጸት ብቻውን ሰውን ሩቅ አይወስደውም።

ሌላ ደሞ ብቸኝነት ሚባለው ነገር አለ፣ እኔ ብቻዬን ብጠነቀቅ ምን ዋጋ አለው ሚለው። በ2024 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ የተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 125 አገራት ውስጥ ወደ 130,000 ሰው ጠይቆ ነበር። ከገቢያቸው 1% በየወሩ የአየር ንብረት ለውጥን ለመከላከል ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑት 69% ናቸው። ስንቱ ሰው ፈቃደኛ ይመስላችኋል ሲባሉ ግን ግምታቸው 43% ብቻ ነው። አስቡት፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው ራሱን አናሳ አድርጎ ነው ሚቆጥረው! ሁሉም ዝም ብሎ ሌላውን ይጠብቃል። ሰው ሚያስብለትን ነገር በአደባባይ ሲያደርገው ካልታየ ይሄ ግምት አይስተካከልም። ሪፔር ካፌ ላይ ደሞ ይታያል፣ በር ላይ ያለው ወረፋ ራሱ መልስ ነው፣ ማንም ንግግር ማድረግ አያስፈልገውም።

ድክመቱን ደሞ ሳልደብቅ ልናገር። በወር አንዴ ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ መከፈቱ ፈረቃ ለሚሰራ ሰው ወይም ልጅ ለሚያሳድግ ሰው አይመችም። ሁሉም እቃ አይሰራም፣ ባትሪው በሙጫ የተለጠፈ ስልክ፣ ብሎን የሌለው ተጣብቆ የተዘጋ ቻርጀር፣ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ ማሽን ሲመጣ ጎበዝ ጠጋኝም እጅ ይሰጣል። ጥራቱም በዛን ቀን ማን እንደመጣ ነው ሚወሰነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ሚያውቀው ሰው ከቀረ በቃ ቀረ። ተሰርቶልህ ቤት ስትወስደው ዋስትና የለውም፣ ይሄንን ግን መጀመሪያውኑ ይነግሩሃል፣ በነጻ በሚሰጥ አገልግሎት ላይ ከዛ በላይ መጠበቅም ተገቢ አይመስለኝም።

ለኔ ትልቁ ድክመት ግን ሌላ ነው። የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ድሮም ነገሩ ሚያሳስበው ሰው ነው። ጠጋኞቹ በሙሉ በአንድ እድሜ ያሉ ጡረተኞች ከሆኑ፣ አስተናጋጆቹ በሙሉ እርስ በርስ ሚተዋወቁ ጓደኛሞች ከሆኑ፣ ብቻውን ስልኩን ይዞ የገባ ወጣት ቦታው የኔ አይደለም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ይሄም ዝም ብሎ ግምት አይደለም፣ በ2008 የታተመ አንድ የሆቴል ጥናት አለ፣ እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ ሚጠይቅ ካርድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስቀመጡ። አካባቢን ለመጠበቅ ይተባበሩ ሚለው ካርድ ያለበት ክፍል 35% አካባቢ ተባበረ፣ አብዛኞቹ የሆቴሉ እንግዶች ደግመው ይጠቀማሉ ሚለው 44% አመጣ፣ በሌላ ዙር ደሞ እዚሁ ክፍል ያረፉ እንግዶች አብዛኞቹ ደግመው ተጠቅመዋል ሚለው ወደ 49% ደረሰ። እዛ ክፍል ማን አድሮ እንደሄደ እንግዳው በጭራሽ አያውቅም፣ ቢሆንም ለሱ ሁኔታ ሚቀርበው ያ ሰው ስለሆነ ተከተለው። ስለዚህ ሰው ራሱን ሚመስል ሰው ጠረጴዛው ላይ ማየት አለበት፣ አዘጋጆች ይሄንን ቢያስቡበት በጣም ደስ ይለኛል፣ ወጣት ጠጋኞችን፣ ሴት ኤሌክትሪሺያኖችን፣ ወንድ ልብስ ሰፊዎችን ፈልጎ ማምጣት ለጌጥ አይደለም። በር ላይ ሚቀበለው ሰው ደሞ ከሁሉም ጠጋኞች እኩል ነው ዋጋው፣ ወረፋ ላይ ያሉ ሰዎችን እያስተዋወቀ "እሳቸውም ያንተን አይነት እቃ ነው የያዙት" ሚል አስተናጋጅ ያለበት ቦታና ቁጥር ሰጥቶ ዝም ሚል አስተናጋጅ ያለበት ቦታ አንድ አይነት አገልግሎት ነው ለማለት እቸገራለሁ። ስብከት ውስጥ ሚገባ አስተናጋጅ ግን ባይኖር ይሻላል፣ ሰው እቃ ሊያሰራ መጥቶ ስለ ጥፋቱ ሲነገረው ሁለተኛ አይመለስም።

አንድ መብራት ተጠገነ ተብሎ ዓለም ይድናል ወይ ለምትሉኝ፣ አይድንም። በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ነው የተፈጠረው፣ በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው 22.3% ብቻ ነው። ይሄን በበጎ ፈቃደኛ ካቻቢቴ መጨረስ አይቻልም፣ አምራቾች ሚፈታ እቃ መስራት አለባቸው፣ መለዋወጫ መሸጥ አለባቸው። ግን እዛም ጋ ሚያደርሰው መንገድ ከነዚህ ጠረጴዛዎች ይነሳል። ብዙዎቹ ቦታዎች ምን እቃ መጣ፣ ምኑ ተበላሸ፣ ለምን አልተሰራም ሚለውን ይመዘግባሉ፣ ኦፕን ሪፔር አሊያንስ ሚባለው ጥምረት ደሞ ከየአገሩ ያለውን መዝገብ አንድ ላይ ሰብስቦ ለሁሉም ክፍት ያደርገዋል፣ ለህግ አውጪ ማስረጃ ይሆናል። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ የተወሰኑ ኤሌክትሮኒክሶች ላይ ለመጠገን ምን ያህል ይመቻል ሚል ነጥብ እንዲለጠፍ አድርጋለች፣ የአውሮፓ ህብረትም በ2024 የመጠገን መብትን ሚመለከት መመሪያ አጽድቋል። እቃው አልከፈት ብሎት ከሌላ ሰው ጋር አብሮ የተናደደ ሰው ነው እንደዚህ አይነት ህግ ሚደግፈው፣ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እድሌ ነው ብሎ ጥሎት ይሄድ ነበር።

ከአምስቱ ነጥብ አራቱን ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በሰዓቱና ሁልጊዜ አንድ አይነት ሰው በመምጣቱ ነው። መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በዛን ቀን የናንተን እቃ ሚያይ ሰው መኖሩን ጠይቁ፣ እቃውን አጽድታችሁ ውሰዱ፣ የወደቀ ብሎን ወይ የተሰበረ ስባሪ ካለ አትጣሉት በላስቲክ አድርጋችሁ ያዙት፣ ገመዱንና ቻርጀሩን እንዳትረሱ፣ ያለሱ መሞከር አይቻልም። ገብታችሁ ማታውቁ ከሆነ በየዓመቱ ኦክቶበር ሶስተኛው ቅዳሜ ዓለም አቀፍ የጥገና ቀን ነው፣ ብዙ ቦታ ያን ሰሞን ነው ሚዘጋጀው፣ ለመጀመር ጥሩ ነው። ባካባቢያችሁ ከሌለ ደሞ ፋውንዴሽኑ ለመክፈት ለሚፈልጉ ያዘጋጀው መመሪያ አለ፣ ሁለት ጠጋኝ፣ አንድ ልብስ ሰፊና ሰው ማናገር ሚወድ አንድ አስተናጋጅ ካላችሁ ጠረጴዛ መዘርጋት ይቻላል። ብቻችሁን ግን አትሂዱ፣ በሩ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት አንኳኩና ጥሩት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጦ የረሳው የተበላሸ ነገር አይጠፋም።